ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ የልብ ድካም ሕሙማን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ማን ይከታተላቸው?

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ከጎንደር ነው የምጽፍላችሁ። እናቴ የልብ ድካም ታማሚ ናት፤ አስታማሚዋ እኔ ነኝ። በተመላልሶ ሕክምናና በድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ብዙ አስታማሚ አውቄያለሁ። የሁላችንም ታሪክ ይመሳሰላል። ሕመምተኛው ታክሞ፣ ተሽሎት፣ በእግሩ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ጋደም ማለት እንኳ አቅቶት ተደግፎ ይመለሳል።

በሽታው በባሕርዩ አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በልብ ድካም ተኝተው ከታከሙ አረጋውያን ከ4ቱ 1ዱ ገደማ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። እዚህ የማያቸው ብዙዎቹ ምክንያቶች ግን ሊቀሩ የሚችሉ ናቸው።

ዋናው የመድኃኒት መቋረጥ ነው። ፉሮሴማይድ፣ ብዙው ሰው ላሲክስ የሚለው፣ በሰውነት የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት ያስወጣል። ሲቋረጥ ውሃው እግር፣ ሆድና ሳንባ ውስጥ ይሞላል። ከደባርቅ የመጣ ገበሬ ክኒኑ ሲያልቅበት በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ «የለም» ካለው፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎንደር መምጣት አለበት። ከመተማ የሚመጣውማ ከዚያም ይርቃል። መንገድ ሲዘጋ ገንዘብ ያለውም አይመጣም። የጤና መድን መዋጮውን የከፈለ ሰው «ከውጭ ግዛ» ሲባል ደግሞ ያለችውን ክኒን እንድትበረክትለት አንድ ቀን እየዘለለ ይውጣል። ሐኪሙ ይህን አያውቅም፤ መድኃኒቱ ያልሠራ ይመስለዋል። ለቀጠሮ የሚመጡትም የሚያሸናውን ክኒን ሳይውጡ ነው የሚሳፈሩት። መኪናው በየመንገዱ አይቆምላቸውማ። ይህን ከሕመምተኛው ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ቢኖር፣ ከደረሱ በኋላ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ ይነግራቸው ነበር።

ስለ ጨው ብዙ የምለው አለ። ሲወጡ «ጨው ቀንሱ» ይባላሉ። እሺ ብለው ይሄዳሉ። ግን እኛ ቤት ጨው ወጥ ላይ ብቻ አይደለም የሚጨመረው። በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቶበታል፣ ሽሮውም ሲፈጭ ገብቶበታል። ቋንጣውማ ጨው የጠገበ ነው። ወጥ ላይ ጨው ያልጨመረች ሴት ምክሩን በደንብ የፈጸመች ይመስላታል። ደግሞ የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ እናት ለብቻዋ ይቅረብልኝ አትልም። ስለዚህ ምክሩ ወደ ማድ ቤት ይግባ። «ለሕመምተኛው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ለብቻ አስፈጩ» ይባል። ምክሩም ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ወጥ ለሚሠራው ሰው ይነገር።

ጾምም አለ። በዐቢይ ጾምም በረመዳንም የጠዋቱ ክኒን ይዘገያል ወይም ይቀራል። ፀበል የገባ ደግሞ ጭራሹን የሚያቆም አለ። እምነታቸውን አልነቅፍም፤ የእኔም ነው። ግን የንስሐ አባት «መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ተጠመቅ» ቢሉት ከማንም በላይ ይሰማቸዋል። ካህናቱንና የመስጊድ ኢማሞቹን ለምን አታነጋግሯቸውም?

ወገቤን፣ ጉልበቴን ያመኛል ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ የሚገዛውም ብዙ ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች ውሃና ጨው ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ሻጩ «የልብ ሕመም አለብህ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል።

በእኛ አገር ልብ ድካም የአረጋውያን ብቻ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት ሳቢያ በመጣ የሩማቲክ በሽታ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች አጠገባችን ይተኛሉ። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልጋቸዋል። አንዳንድ ጤና ጣቢያ መርፌው አለርጂ ያስነሳል ብሎ ፈርቶ አይወጋም። ልጁ መርፌውን ያቋርጣል፣ ቫልቩ ይብስበታል። ባለሙያዎቹን አሠልጥኑልን፤ የአለርጂ ድንገተኛ መድኃኒትም አብሮ ይኑር።

የምጠይቃችሁ ሆስፒታል እንድትሠሩ አይደለም። ሕመምተኛው ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። እሱም አያነበውም፣ ጤና ጣቢያውም አይደርሰውም። ምን እንደሚውጥና መቼ ቶሎ መመለስ እንዳለበት በአማርኛ ይጻፍለት። አንድ ቅጂ ለወረዳው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የልብ ድካም መድኃኒቶቹ፣ ፉሮሴማይድ፣ ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል፣ እዚያው እንዳይጠፉ አድርጉ። በመጀመሪያው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ትሂድ፣ ትመዝነው። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ የጨመረ ሰው ውሃ እየያዘ ነው። ያኔ ቢደረስለት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን ማስተካከል ይበቃል፤ ካለፈ ኦክስጅንና አልጋ ይፈልጋል።

በሁሉም ቦታ በአንዴ አይሆንም ካላችሁ ከዳባትና ከደምቢያ ጀምሩት። መልሳችሁን በየጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን፤ አስታማሚው እዚያ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አስታማሚ፣ ከጎንደር