ለመጀመሪያው አልትራሳውንድ ለምትሄደው ልጄ

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ እየገባ ነው፤ ውርጩ ግን ዘንድሮ ቀድሞ መጣ፣ አባትሽ ባና ደርቦ ነው የሚያድረው። ስለ መጀመሪያው አልትራሳውንድሽ የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ ያልወደድኩት ቤቱ ሰው ሞልቶት ስለነበር ነው። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላሽ ወሬሽ መንዝን እንዲዞር አልፈልግም። አንብበሽ ስትጨርሺ ለባለቤትሽም ስጪው።

ኅዳር 29 ስትሄጂ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ እንደመጣ ነው። የሚፈልጉት የጀመረበትን ቀን እንጂ ያበቃበትን አይደለም። ጥቅምት 3 ብለሽኛል፤ እንግዲያው በቀጠሮሽ ዕለት ልክ 8 ሳምንት ይሞላሻል። «ከተፀነሰ እኮ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው» ብለሽ እንዳትከራከሪያቸው። የሐኪም ቆጠራ ከደሙ ይነሳል፤ ፅንሱ የሚያዘው ደግሞ ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ስትል የምትቆጥረው ከፅንሰቱ ነው፣ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29። እኛ አዋላጆች ግን ከደሙ ተነስተን 280 ቀን እንይዛለን፤ በሀገራችን አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ላይ 10 ቀን መጨመር ነው። መሐል ላይ ጳጉሜን ከገባች 5 ቀን ብቻ ይጨመራል፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ 4። ያንቺ ጳጉሜን ሳትደርስ ያልቃል፤ ሐምሌ 13 ላይ ይውላል። ማሽኑ የሚሠራው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ሲቀያየር ስህተት ይገባል፤ በቤትሽ ሆነሽ ቀይረሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ጥቅምት 3 አብዛኛውን ዓመት ኦክቶበር 13 ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ከዋለች በኋላ ግን 14 ይሆናል።

ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ፤ ለዚህ ምርመራ ባዶ ሆድ አያስፈልግም። (ስለ ነቢያት ጾም ነፍስ አባትሽን አማክሪ፣ እኔ አልገባበትም።) ቀሚስ አትልበሺ፤ ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ከሆነ ሆድሽን ብቻ ገልጠሽ ትተኛለሽ። በሆድ በኩል የሚያዩሽ ከሆነ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ሦስት አራት ብርጭቆ ውሃ ጠጪና ሽንትሽን ያዢ፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል። የሚቀቡሽ ጄል በደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይነካል፣ ያንን ቻይው። ጨረር አለው የሚሉሽን አትስሚ። ራጅ አይደለም፤ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ገብቶ ሲመለስ ነው ምስል የሚሆነው።

አሁን እናትና ልጅ የማናወራውን ላውራሽ። በ8 ሳምንት ማህፀኑ ገና ከዳሌ አጥንት ውስጥ ስለሆነ በሆድ በኩል አልታይ ሊል ይችላል። ያኔ በታች በኩል እንይ ይሉሻል። ቀጭን መሣሪያ ነው፣ ኮንዶም አልብሰው ጄል ቀብተው በብልት በኩል ጥቂት ያስገቡታል። ለዚህኛው ሽንትሽን ሸንተሽ ትመለሻለሽ። መጫን አለው እንጂ ብዙም አያምም፤ ሰውነትሽን ካላላሽው ቶሎ ያልቃል። ያስወርዳል የሚባለው ውሸት ነው። ሴት ባለሙያ ብትፈልጊ ጠይቂ፣ ከሌለችም ነርስ አጠገብሽ እንድትቆም ንገሪያቸው፤ አልፈልግም ማለትም መብትሽ ነው። ስንቷ በእፍረት ተነስታ ስትሄድ አይቻለሁ መሰለሽ! ባለሙያው በቀን ስንት ሰው እንደሚያይ ብታውቂ አታፍሪም ነበር።

ሲጀምሩ ዝም ይላሉ። ዝምታው ክፉ ስላዩ አይደለም፣ እየለኩ ነው። በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ውሃው ነው፤ በውስጡ ትንሽ ቀለበት አለች፣ እንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ ፅንሱን የምትረዳ ከረጢት ናት። ከጎኗ ያለችው የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ልጅሽ ነው። ከራሱ እስከ መቀመጫው በ8 ሳምንት 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚለው ልቡ ነው። በደቂቃ ከ150 በላይ ቢሉሽ አትደንግጪ፣ በዚህ ዕድሜ ልኩ ነው። ድምፁን ካላሰማችሁኝ ብለሽ ግን አትጫኛቸው፤ ድምፅ የሚያሰማው ኃይሉ ከፍ ስለሚል ጥንቁቅ ባለሙያ በዚህ ጊዜ ምቱን በምስል ብቻ ይለካል። እኔ በእንጨት ማዳመጫ ጆሮዬን ሆድ ላይ ደግፌ የልብ ምት ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚያ ከአራት ወር ተኩል በፊት የሚሰማ አልነበረም።

ወንድ ነው ሴት ብለሽ እንዳትጠይቂ፣ አይታይም። አማትሽ ከጠየቁሽም ይህንኑ ንገሪያቸው። መንታ ከሆነ ግን አሁን ይታያል፤ እንግዴ ልጁን መጋራት አለመጋራታቸውም የሚለየው ከ14 ሳምንት በፊት ስለሆነ አስጠይቂ።

አብልጬ የምፈራልሽ «ከሳምንት በኋላ ተመለሺ» ቢሉሽ ነው። እንቁላልሽ ዘግይቶ ወጥቶ ከሆነ 8 ያልነው 6 ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ፅንሱ የሚያድግበት የውሃ ከረጢት ብቻ፣ ወይም ምት የሌለው ነጥብ ሊታይ ይችላል። ፅንሱ 7 ሚሊሜትር ሳይሞላ ምት አልታየም ማለት ሞቷል ማለት አይደለም፤ ባዶ የሚመስለው የውሃ ከረጢትም አማካይ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር ሳይደርስ ባንድ እይታ አይፈረድበትም። ከ7 እስከ 14 ቀን ይጠበቅና ይደገማል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ «ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብለሽ ጠይቂና ጻፊው። ሳይደገም ማህፀንሽን የሚያጸዳ ኪኒን የሚሰጥሽ ቢኖር አትዋጪ፣ ደውይልኝ። ደግሞም አይበለውና ቢወርድ፣ ከታወቁ 100 እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይወርዳሉ፤ አብዛኛው ገና ሲፈጠር በዘር ቅንጣቶች ላይ ከደረሰ ስህተት ነው። ባልዲ ስለተሸከምሽ ወይም ስለደነገጥሽ አይደለም።

ከቀጠሮው በፊት ባንድ ጎን የጠና የሆድ ሕመም፣ ደም፣ ራስ መሳት፣ ወይም የትከሻ ጫፍ ሕመም ከመጣብሽ ቀኑን አትጠብቂ። ከማህፀን ውጪ ሆኖ ቱቦው ውስጥ የቀረ ፅንስ እንዲህ ነው የሚያሳየው፤ ቢፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ሌሊት ቢሆንም ወደ ሆስፒታል ሂጂ።

ደህና ከሆነልሽ በየወሩ አልትራሳውንድ አትነሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ መታየትን ነው የሚመክረው፤ አቅም ካለሽ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው አካላቱን የሚያዩበትን ጨምሪ። የደምና የሽንት ምርመራሽን ግን አትዝለይ፣ ብረትና ፎሊክ አሲዱንም ዋጪ።

የሚሰጡሽን ወረቀት አትጣይ። አሁን የሚለካው ዕድሜ ቢሳሳት በአምስት በሰባት ቀን ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የሚለካው ግን ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል። የወረቀቱና የደሙ ቀን በጥቂት ቀን ቢለያዩ የደሙ ይጸናል፣ ከሳምንት ካለፈ የወረቀቱ። ሰኔ ላይ አንዱ «ቀኑ አልፏል» ሌላው «ገና ነው» ሲልሽ ይህችን ታሳያቸዋለሽ። በክትትል ካርድሽ ውስጥ አኑሪያት፤ ፎቶም አንሺና በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ቁጥሩን ራሴ ልየው።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እናትሽ፣ ከመሐል ሜዳ