«ባለሁለት ጎማ» ስትሉ እኛን የት ጣላችሁን?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ብስክሌት መንገድ ምልክቶች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ሐረግ እንቅልፍ ነሳችኝ። ነጭ ብስክሌት የተሳለበት ሰማያዊ ክብ ምልክት «ለባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪዎች» ነው ብላችኋል።

በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ እግሮቼ አይሠሩም። 11 ዓመት ሙሉ የምሄደው በእጅ በሚዘወር ብስክሌት ነው። ጎማው ሦስት ነው። ፔዳሉ ደረቴ ፊት ለፊት ነው፣ እሱን በሁለት እጄ ሳዞር ሰንሰለቱ ጎማውን ይነዳል። ዳገት ላይ መዳፌ ስለሚላጥ ጓንት አደርጋለሁ፤ እሱም አልቆ በሸራ ጠግኜዋለሁ። ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው። ታዲያ ይሄ ብስክሌት ካልሆነ ምንድን ነው? ባጃጅ?

ጎማ መቁጠሩን ከየት አመጣችሁት? ይሄ ሰማያዊ ክብ የተደነገገበት የ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና የመንገድ ምልክቶች ስምምነት «ቢያንስ ሁለት ጎማ» ነው የሚለው። ዋናው ነገር ጉልበት ነው። በተሳፈረበት ሰው ጉልበት ብቻ፣ በእግር ፔዳል ወይም በእጅ መዘውር የሚሄድ ብስክሌት ነው። የእጅ መዘውር ተብሎ በስሙ ተጠርቷል! ሞተር ያለው ግን 50 ሲሲ እንኳ ቢሆን ሌላ መደብ ነው።

በእናንተ አባባል ሞተር ሳይክል ይገባል፣ እኔ እወጣለሁ። ደግሞ ደረሰብኝ። ባለፈው ሐሙስ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ስሄድ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አስቆመኝና «ይሄ ለሳይክል ነው፣ ውረድ» አለኝ። እያስረዳሁት ሳለ ዕቃ የጫነ ሞተር በጎናችን እልም ብሎ አለፈ። ለሱ ምንም አላለውም። ወደ መኪናው መንገድ ወረድኩ። እዚያ ተቀምጬ ቁመቴ ከሚኒባስ መብራት ብዙም አይበልጥም፤ ሹፌሩ ከኋላዬ ጡሩንባውን ሲያንባርቀው ልቤ ቀጥ አለች።

ልዩ አስተያየት አልጠየቅኩም። ቀይ ክብ ውስጥ ብስክሌት ተስሎ «መግባት ክልክል ነው» ሲል እኔንም ይመለከተኛል፣ አልገባም። ታዲያ ሲከለክል ብስክሌተኛ ከሆንኩ ሲፈቅድስ?

ለዘገባው ስድስት ሰው አነጋግራችኋል። አንድ አካል ጉዳተኛ እንኳ የለበትም። ሐረጓን አውጧትና «በሰው ጉልበት ብቻ ለሚሄዱ» ብላችሁ አርሙ፣ መታረሙንም እዚያው ዘገባው ላይ ጻፉ። ፎቶ ካስፈለጋችሁ መጥታችሁ የኔን ሳይክል አንሱ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ