ቨርቹዋል ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት፤

ለቅዳሜው የባሕር ዳር ልምምድ፣ ደብረ ማርቆስ ያላችሁት ያዘጋጃችሁትን ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) በፍላሽ ይዛችሁ ስለምትመጡ አንድ አደራ አለኝ፦ ስታርት ከመጫናችሁ በፊት ሴቲንጉን ፈትሹ።

ሴቲንጉ የሚያውቀው የተሠራበትን ኮምፒውተር ነው። ቨርቹዋል ማሽን በሚያስነሳው ሶፍትዌር በቨርቹዋልቦክስ ላይ ኔትወርኩ ብሪጅድ (ማሽኑ በላፕቶፑ ካርድ በኩል በቀጥታ ኔትወርኩን የሚቀላቀልበት) ከሆነ፣ ውስጡ የተጻፈው የመጀመሪያው ላፕቶፕ ኔትወርክ ካርድ ስም ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ በዚያ ስም የሚጠራ ካርድ ከሌለ ማሽኑ አይነሳም፤ ሰውም ሶፍትዌሩ የተበላሸ መስሎት አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ኔትወርክ የሚለውን ከፍታችሁ እዚያ ያለውን ካርድ ምረጡ፣ ወይም «ናት» (NAT፣ የላፕቶፑን ኢንተርኔት የሚጋራበት) የሚለው ላይ አድርጉት። ደግሞ ፎልደሩን ኮፒ ከማድረግ ኤክስፖርት አድርጋችሁ በኦቪኤ (ማሽኑ በአንድ ፋይል የሚጠቀለልበት) ብታመጡት ይሻላል፤ ዲስኩ አብሮ ይመጣል።

ራሙ ከአረንጓዴው መስመር አልፎ ቀይ ውስጥ ከገባ ዝቅ አድርጉት። ከመስኮቱ ግርጌ የማስጠንቀቂያ ምልክት ብቅ ካለ ማውዙን አስጠግታችሁ አንብቡት፤ የቱ ገጽ ላይ ምን እንደተሳሳተ ይናገራል። መልሱ እዚያው ተጽፎ ሳለ ብዙ ሰው ሳያየው ማለፉ በጣም ያሳዝነኛል።

ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ሴቲንግ) ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን የሚያግዝበት አማራጭ፣ መከፈቱንም እዩ፤ ከስሪት 6.1 ወዲህ ያለው ቨርቹዋልቦክስ ያለ እሱ ማሽን አያስነሳም። ሊኑክስ ላይ በቨርቹዋልቦክስ ፋንታ ኬቪኤም (የሊኑክስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሻ) የምትጠቀሙ «ቨርት-ሆስት-ቫሊዴት» (virt-host-validate) የሚለውን ትእዛዝ አስኪዱ። «ፌይል» (FAIL) ያለበትን መስመር ፎቶ አንስታችሁ እስከ ዓርብ ማታ በግሩፑ ላኩ፣ ከመንገዱ በፊት አብረን እናየዋለን።