ስለ ባትሪው አንድ ነገር ልጠይቅህ

አንተ ሰው፣

መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ይቅርታ። ምክንያት መደርደር ጀምሬ ሰረዝኩት፤ አመሌን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ደግሞ አንተም ብትሆን ስልክ መደወል የከለከለህ የለም!

አልዋሽህም፣ የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው። ያ ከሙዚቃ ጋር የሚጨፍረው መብራታችን ከመሳቢያ ወጥቷል። የእህቴ ልጅ መድረክ ላይ ልትወዛወዝ ነው፤ “ልብሴ ላይ መብራት ይሰፋልኝ” አለች። እኔም እንደ ልማዴ “ቀላል ነው” አልኳት። ሳቅ፣ ሳቅ።

የድምፁ ነገር አልቋል። አናሎጉን ማይክሮፎን በዲጂታል ለወጥኩት፤ ያኛው የራሱን የኃይል መስመር ጫጫታ እየሰማ ሙዚቃ በሌለበት ይጨፍር አልነበር? አሁን ቤቱ ጸጥ ሲል እሱም ጸጥ ይላል። መብራቱን የሚያዘው ቺፕ ድምፁን በሰከንድ 22,050 ጊዜ ይለካል፤ 512 ልኬት በሞላ ቁጥር ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለያል። ይህ 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ከበሮው ሲመታና መብራቱ ሲበራ ዓይን ልዩነቱን አይይዘውም። ከ150 ኸርዝ በታች ያለው ወገቧ ላይ፣ ቀጭኑ ድምፅ ክንዶቿ ላይ። ብታየው ትወደዋለህ።

አሁን አትቆጣ፦ ወደ 5 ቮልት ከፍ የሚያደርገውን ሰርኪት አውጥቼዋለሁ። ኤልኢዲዎቹ፣ ማለት ሪባኑ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች፣ በቀጥታ ከሊቲየም ባትሪው ነው የሚበሩት። ቺፑ ትእዛዝ የሚልክላቸው የዳታ መስመር 3.3 ቮልት ነው፤ እነሱ ደግሞ ትእዛዙን ለመለየት ከሚበሩበት ቮልቴጅ 70 በመቶውን ይፈልጋሉ። በ5 ቮልት 3.5 ይሆንና አይደርስም፤ ባትሪው ሞልቶ 4.2 ሲሆን ግን 2.94 ይበቃል፣ የዳታውን ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገው ያ መለወጫ ቺፕም አብሮ ቀረ። ዋጋው፣ ባትሪው ሲደክም ሰማያዊው ቀድሞ ይፈዝና ነጩ ወደ ቢጫ ያደላል። ይሁን። ኤልኢዲዎቹ 100 ናቸው፤ ሁሉም ሙሉ ነጭ ቢበሩ እያንዳንዳቸው እስከ 60 ሚሊአምፔር፣ በጠቅላላው 6 አምፔር ሊስቡ ነው። ኮዱ ውስጥ ጣሪያ አበጅቼ ከ1.5 አምፔር አላሳልፋቸውም። ለጨለማ መድረክ ከበቂ በላይ ነው።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው… እንዴት እንደምለው አላውቅም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ሊቲየም ባትሪ ልጅ ጀርባ ላይ ላስር ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ቢግል አንስተህ ትወረውረዋለህ፤ እሷ ግን ትዘላለች፣ ትሽከረከራለች፣ ወለል ላይ ትንከባለላለች። ሪባኑ ሲተጣጠፍ መጀመሪያ የሚለቀው የተበየደው ቦታ ነው። ሽቦው ተፋትጎ ቢላጥና ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ቢነካኩስ? ባትሪው የመከላከያ ቦርድ አለው፣ የ2 አምፔር ፊውዝ ጨምሬበታለሁ፣ ባትሪው ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ነው፣ የሚሞላውም ከልብሱ ወጥቶ ብቻ ነው። ኤልኢዲዎቹ ጨልመው እንኳ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ልጅ ደግሞ ማጥፋት ትረሳለች፣ ስለዚህ ሙዚቃ ሲጠፋ ቺፑ ራሱ ኃይላቸውን ይቆርጣል። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ሆኖም እጄ ሣጥኑን ልብሱ ላይ መስፋት እምቢ አለኝ።

እናቷ ታምነኛለች፣ ይኼ ነው የባሰው። ባትሪ ላይ እኔ የማምነው ደግሞ አንተን ነው፤ አሽሙር ሲጨመርበትም።

ሥዕሉንና ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ ሣጥኑ ውስጥ ነው ያደረግኩት፤ እዚያ ላይ የምትለው ካለ በል። በቀይ ያከበብኩትን ደግሞ አስተውለህ እይልኝ፤ ሽቦው ከሣጥኑ የሚወጣው በስለታም ጠርዝ ላይ ነው። ጎማ ላልብሰው ወይስ ቀዳዳውን ወደ ታች ላዙረው? ስድብ ቢኖርበትም ግድ የለም፣ ብቻ ልምምድ ሳትጀምር መልስልኝ።