የቁስቋም እማሆይ የነገሩን፦ ለጎንደር ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፤ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ጎንደር፣ ቁስቋም ማርያም ደብር ነው። ከደብሩ ቅጥር ዝቅ ብሎ ከነበረ የአንዲት እማሆይ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጬ፣ በስንደዶ እየጠቆምኩ፣ ከ«ሀ ሁ» ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ዳዊት ደረስኩ። ከሃያ ልጆች ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበርን። በግእዝ ንባብ ተነሹን ቃል ወዳቂ አድርጎ፣ ድምፁን ያለ ቦታው ጥሎ ያነበበ አርጩሜ አያጣም። ዛሬም ሰው ግእዝ ሲያበላሽ ጆሮዬን ያመኛል።

እማሆይ ታሪክ ብለው አስተምረውን አያውቁም። ውሃ ቀድተንላቸው ስንመለስ፣ ቆሎ እያመሱ በጨዋታ መሐል ነበር የሚነግሩን። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው መሆናቸውን፣ አጼ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ለሕፃኑ ልጃቸው ለኢያሱ አገር ማስተዳደራቸውን፣ ይህንን ደብር ከነቤተ መንግሥቱ ማሠራታቸውን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ስሙ እመቤታችን በስደቷ ካረፈችበት ከግብጹ ቁስቋም መወሰዱንም እንዲሁ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የ1880 ዓ.ም. ቃጠሎ ነው። ድርቡሽ፣ ማለት የሱዳን የማህዲ ጦር፣ ደብሩን ሲያነድ እማሆይን ያስተማሯቸው መነኩሲት ጭሱን በዓይናቸው አይተዋል። ልብ ይበሉልኝ፤ በእኔና በዚያ እሳት መካከል ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ባለፈው ኅዳር 6፣ ለንግሥ፣ የልጅ ልጄን ይዤ ወጣሁ። አንድ ወጣት አስጎብኚ ለእንግዶች ስለ ጀምስ ብሩስ ያወራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ቁስቋም ማረፉ፣ የፈንጣጣ ሕሙማንን ማከሙ እውነት ነው፤ ልጁም ጎበዝ ነው። አንዷ እንግዳ «ከቃጠሎው በኋላስ?» ብትለው ግን «ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ» አላት። ዝም አልኩ፤ በበዓል ቀን ሰው አላሳፍርም። ፍርስራሹ ሥር ግን ዳዊት ይደገም ነበር እኮ! ሴቶች ያስተምሩ ነበር።

ቅጥሩ በ1972 ዓ.ም. ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ለድንጋዩ ባለቤት አለው። የምለምንዎ ለቃሉ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪዎች ሁለት ሦስቱን መቅረጸ ድምፅ አስይዘው በየደብሩ ወዳሉ አረጋውያን እማሆዮችና ወደ ቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይላኩልን። የሚሉት እርስ በርሱ ቢጋጭም እንዳለ ይቀረጽ፤ ማበጠሩ የምሁራን ሥራ ነው። ከዚያም አስጎብኚዎቹ ይስሙት።

ከሦስታችን አንዷ አርፋለች፤ አንዷ መተማ ናት። እኔ እዚሁ ቀበሌ ነኝ። ሲጠሩኝ ቢሮዎ ድረስ እመጣለሁ፤ ጉልበቴ ደረጃ አልወድ ብሏልና ምድር ቤት ቢሆንልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቁስቋም የቀድሞ ተማሪ