ለውሻና ለድመት ምግብም ሚዛን ያስፈልጋል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ፋሲካ እየተቃረበ ነውና ከበዓሉ በፊት ስለ ውሾችና ድመቶች አመጋገብ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል። ሥራችን የቤት እንስሳትን ማከም ነው። ወፍራም ውሻ በየቤቱ የጥሩ አያያዝ ምልክት ተደርጎ ይታያል። ባለቤቱ ወደ ሕክምና የሚያመጣው ማነከስ ሲጀምር ወይም ትንፋሹ ሲያጥር ነው፤ ያኔ ግን ጉዳቱ ሥር ሰዷል።

ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስንቅ ይመስላል እንጂ ሥራ አይፈታም። የስብ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ሲሞሉ ሰውነትን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃሉ። ኢንሱሊን በወጉ እንዲሠራ የሚያግዘው አዲፖኔክቲን የተባለ ሆርሞን ደግሞ ይቀንሳል። ይህ መቆጣት ትኩሳት የለውም፣ ቁስልም አያሳይም፤ ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይሠራል። ድመት ላይ መጨረሻው የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸናለች፣ እየበላች ትከሳለች። ውሻ ላይ በይበልጥ የሚጎዳው መገጣጠሚያ ነው፤ ክብደቱ ይጫነዋል፣ መቆጣቱም ያባብሰዋል።

በእ.ኤ.አ. 2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 48 ላብራዶር ውሾችን ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትሏል። ጥንድ ጥንድ ተደርገው አንደኛው ከአጣማጁ 25 በመቶ ያነሰ ይበላ ነበር። ያነሰ የበሉት አጋማሽ ዕድሜ (ግማሾቹ የሞቱበት) 13 ዓመት፣ የሌሎቹ 11.2 ዓመት ሆነ። የመገጣጠሚያ ሕመምም ያነሰ የበሉት ላይ ዘግይቶ መጣ። ልብ በሉ፣ ብዙ የበሉት ውሾች በመጠኑ ወፈር ያሉ እንጂ ለመራመድ የከበዳቸው አልነበሩም።

ውሻችሁ ወፍራም መሆኑን በእጃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። መዳፋችሁን ወደ ታች ዘርጉና የእጃችሁን ጀርባ በሌላው እጅ ጣቶች ዳብሱ፤ የጎድን አጥንቱ እንደዚያ ሊዳሰስ ይገባል። እንደ መዳፋችሁ ውስጠኛ ክፍል ከለሰለሰና አጥንቱን ለማግኘት መጫን ካስፈለገ ወፍሯል። እንደ ጨበጣችሁት የጣት አንጓ ከተቆጠረ ከስቷል። ፀጉር ዓይንን ያታልላልና በማየት ብቻ አትፍረዱ።

ምን ያህል ይብላ? ሊደርስበት የሚገባውን ክብደት በኪሎ ውሰዱ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙ (10 × 10 × 10)፣ በስልካችሁ ማስያ ላይ የስኩዌር ሩት ምልክቱን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፣ የመጣውን በ70 አባዙ። 10 ኪሎ መሆን ላለበት ውሻ 394 ገደማ ኪሎ ካሎሪ ይሆናል፤ ውፍረት ለሚቀንስ ውሻ የቀኑ መነሻ ይህ ነው። ለድመት ውጤቱን እንደገና በ0.8 አባዙት፤ 4 ኪሎ መሆን ላለባት 158 ገደማ ይመጣል። የምግቡ ከረጢት በ100 ግራም 350 ኪሎ ካሎሪ ካለ፣ የውሻው ድርሻ 112 ግራም ነው። በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ በጣሳ የሚሰፈር በየቀኑ ይለያያል፣ ብዙውን ጊዜም ይበልጣል። የተኮላሸ እንስሳ ከበፊቱ ያነሰ ጉልበት ስለሚፈልግ ምግቡ ከዚያው ሳምንት ጀምሮ መስተካከል አለበት።

ብዙዎች የሚረሱት ከሳህኑ ውጭ የሚገባውን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ 120 ገደማ ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ለዚያ ባለ 10 ኪሎ ውሻ የቀኑ ሲሶ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ወራቱን በሽሮና በእንጀራ ፍርፋሪ የቆየ ውሻ በፋሲካ ማለዳ ጮማና የዶሮ ወጥ ቅባት ሲጎርፍለት ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ጎንበስ ብሎ ይቆማል፣ አንዳንዱም ይሞታል። የወጡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻም ለድመትም የደም ሕዋስ የሚያፈርስ መርዝ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባ ስቡ ትንሽ ስለሆነ መጥፎ አይደለም፤ ግን ጥሬውን አትስጡ፣ የፈሳሽ ከረጢት ያለበት ሳንባ የሰውን ጉበትና ሳንባ የሚያጠቃ ትል በውሻው በኩል ያስተላልፋል።

ድመትን በረሃብ ማክሳት ፈጽሞ አይሞከር። ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን ካልበላች ስቧ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷ ሥራ ያቆማል፤ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናሉ። አዲስ ምግብ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ በ7 እስከ 10 ቀን ይለወጥ፤ ከአንድ ቀን በላይ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የ6 ኪሎ ድመት በሳምንት ከ30 እስከ 60 ግራም ብትቀንስ በቂ ነው። ለውሻ በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው።

ለሚያነክሰው ውሻ የሰው ማስታገሻ መስጠት ሌላው አደጋ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ለድመት አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ሊገድል ይችላል።

ባልደረቦቻችንን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በመጣ ቁጥር እንስሳው ይመዘን፤ ክብደቱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ቤት ውስጥ ለሚመዝን ደግሞ ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ መቆም፣ ከዚያ ብቻውን ቆሞ ልዩነቱን ማስላት ይበቃል፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከምግብ በፊት፣ በዚያው ሚዛን።

የቤት እንስሳት ሐኪሞች
አዲስ አበባ