መስታወቱ ይቆይ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው፤ ደረጃ የሚወርደው አሁንም በጎኑ ነው፣ እንደምታውቂው።

ወንድምሽ ልትከፍቺው ያሰብሽውን የማርሻል አርት አዳራሽ ሥዕል ላከልኝ። «ለእማዬ እንዳታሳያት» ብለሽው እንደነበር ነግሮኛል፤ አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። ትናንት ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳየው አመሸሁ። እጅሽ እንዴት ያምራል! አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን መስታወት አለ፤ የወላጆች መቀመጫ አለ፤ ምልክትሽ የተሳለበት በር አለ። ወለሉ ላይ ግን የጻፍሽው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ሊሾ»። መስታወቱን በዚህ ሳምንት ልታዢ፣ የኪራይ ውሉን በሚቀጥለው ልትፈርሚ መሆኑን ስሰማ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጄ፣ ወለሉ ሳያልቅ መስታወት አትግዢ።

እኔ ቀበቶ አስሬ አላውቅም። ግን ያን የአባትሽን አዳራሽ 11 ዓመት በየማታው የወለወልኩት፣ በር ላይ ተቀምጬ ክፍያ የተቀበልኩት፣ የተሰነጠቀ ከንፈር ያጠብኩት እኔ ነኝ። ወለልን ተንበርክኬ ነው የማውቀው።

ተማሪ እስኪመጣ በር ላይ ስጠብቅ የአባትሽን መጻሕፍት ሁሉ አንብቤአለሁ። ጂጎሮ ካኖ ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 ሲጀምር የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ያገኘው ክፍል 12 ታታሚ፣ ማለትም የጃፓን የወለል ምንጣፍ፣ ብቻ ነበር የሚይዘው፤ 20 ካሬ ሜትር ያህል ማለት ነው። ሲጣጣሉ ከወለሉ ሥር ያሉት እንጨቶች እየተሰበሩ ስላስቸገሩት ካኖ ራሱ መብራት ይዞ እየተሳበ ይጠግናቸው ነበር፤ የቤተ መቅደሱ መነኩሴም በግርግሩ ተማረሩ። አባትሽ ይህን ሲተርክ ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር። እኔ ግን እንጨቱ ስለተሰበረ የልጆቹ አጥንት ተረፈ ብዬ ነው የማስበው። ዛሬ ኮዶካን የሚባለው የካኖ የጁዶ ቤት ዋና አዳራሽ 420 ታታሚ ነው።

አባትሽ ሰቅሎት የነበረውን በቻይና ያለውን የሻውሊን ገዳም ፎቶግራፍ ታስታውሻለሽ? በጡብ ወለሉ ላይ 48 ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፤ መነኮሳቱ ለዘመናት እየረገጡ ያጎደጎዱት ነው ይባላል። እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለ ጽናት!» ይል ነበር። እኔ የማስበው ጉልበታቸውን ነበር።

በሕንድ ኬረላ ካላሪ የሚባለው የጥንቱ የፍልሚያ መለማመጃ 42 ጫማ በ21 ጫማ ሆኖ መሬት ውስጥ ይቆፈራል፤ ወለሉ አፈር ነው። የሱሞ፣ ማለትም የጃፓን ትግል፣ መታገያ 4.55 ሜትር ስፋት ያለው የሸክላ አፈር ክብ ነው። ግሪኮች በአሸዋ ላይ ይታገሉ ነበር። ሁሉም ሰው የሚወድቅበትን አስቀድሞ አስቧል፤ መስታወት ያስቀደመ ግን በአባትሽ መጻሕፍት ውስጥ አላገኘሁም።

የወለሉን አሠራር ልንገርሽ። ቀጭኑ ተገጣጣሚ ምንጣፍ ቆዳን ይጠብቃል እንጂ አጥንትን አይጠብቅም። ሊሾ ላይ ያን ዘርግተሽ ልጆች ሲዘሉበት ቢውሉ ሊሾው ያልተቀበለውን ግጭት ጉልበትና ወገብ ይቀበለዋል። እንግዲያው ወፍራም ይሻላል ብለሽ ደግሞ እንደ መኝታ ፍራሽ የሚሰምጥ እንዳትገዢ፤ ለሚራገጥ ሰው እሱ የባሰ ነው። እግሩ ሰምጦ ተይዞ ሳለ አካሉ ይዞራል፣ ጉልበቱ ይጠመዘዛል። የምትፈልጊው ከላይ ጠንከር ያለ፣ ከሥር የሚረግብ ወለል ነው። ሊሾው ላይ የጎማ ቁራጭ፣ በጎማው ላይ ሞራሌ፣ በሞራሌው ላይ ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ሰሌዳ) በሁለት ድርብ ይነጠፍ፤ የላይኛው መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር አይገናኝ። እንጨት ስለሚያብጥ ከግድግዳው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከዚያ በኋላ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ታታሚ ይመጣል፤ እንዳይንሸራተትና እንዳይከፋፈት ዙሪያውን በእንጨት ክፈፍ ይያዝ።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ሄደሽ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርጊና ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣብቀሽ አንድ ቀን ተዪው። ስታነሺው ከሥሩ ላብ ካለ ቤቱ እርጥበት አለው፤ እንጨትሽ ይበሰብሳል፤ ሌላ ቤት ፈልጊ። አከራዩ ቢስቅብሽ ይሳቅ።

ስለ ስፋቱ አትጨነቂ። የጁዶ ውድድር ሜዳ ቢያንስ 8 በ8 ሜትር ሆኖ በዙሪያው ደግሞ ቢያንስ 3 ሜትር መከላከያ ይፈልጋል፤ ያን የሚችል ቤት ዛሬ አያሻሽም። ነገር ግን የዛሬው የስፖርት ታታሚ አንዱ 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው። በሥዕልሽ ልኬት ስደረድረው በመስታወቱ በኩል 40 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል። ሌሊት ከአልጋ ያስነሣኝ ይህ ነው።

ያኔ ስድስት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ አያወራውም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፈው። ገንዘቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። «ስድስት ታታሚ ይጎድለናል፣ ከሥሩም እንጨት ያስፈልጋል» እያለ ሦስት ወር ለመነኝ። እኔ መስታወት ገዛሁ። ሰው ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው መስታወት ላይ ነው፣ ወለሉን ማን ያየዋል፣ ለከርሞ ይደርሳል አልኩት። እውነትም መስታወቱ ተማሪ አመጣ። በዚያው ወር ዘጠኝ አዲስ ስም ጻፍኩና መዝገቡን ለአባትሽ እየኮራሁ አሳየሁት። ከዘጠኙ አንዱ ያ ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ታውቂዋለሽ።

14 ዓመቱ ነበር። ጓደኛው በደንብ ጣለው፤ ማንም አላጠፋም። አወዳደቁም እንደተማረው ነበር። እጁን ዘርግቶ ምንጣፉን ሊመታ ሲል ምንጣፉ አለቀ፤ ክርኑ ሊሾው ላይ አረፈ። ድምፁን በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። ራሱን ስቶ ነበር፤ ቃሬዛ መጣ፣ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አላሳልፍ አለ። አባትሽ አቅፎት ወረደ።

ታታሚው በሳምንቱ ተገዛ። ገንዘቡ ነበረ ማለት ነው።

ክንዱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እናቴ» ብሎ በግራ እጁ ይጨብጠኛል። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አባትሽም አልወቀሰኝም። እሱ እንኳ የራሱን ጉልበት በዚያው ሊሾ ላይ ጨርሶ ዝም አለ። ስለዚህ ወለሉ ሳያልቅ መስታወት አትግዢ። ደጋገመችው ትያለሽ፤ ገና እደግመዋለሁ።

የቀረው ቀላል ነው። በርሽ ሰፊ ይሁን። በኢራን ዙርኻኔ የሚባለው የጥንት የስፖርት ቤት በሩ ሆን ተብሎ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚገባ ሁሉ ጎንበስ ይላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ አንቺ ግን ሰላምታውን በቃል አስተምሪያቸውና በሩን ቃሬዛ የሚያሳልፍ አድርጊው።

ኮርኒሱ 4 ሜትር ከፍታ ከሌለው ዱላ አታስተምሪ። ዱላው ብቻውን 180 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሰውየው ደግሞ ከሥሩ አለ። አባትሽ በመጀመሪያው ሳምንት ፍሎረሰንቱን ሰብሮ እኩለ ሌሊት ድረስ ስብርባሪ ስለቅም አምሽቼአለሁ። አምፖሎቹም ከመካከል ይልቅ በዳር በኩል ይሰቀሉ፤ መሬት ላይ የሚታገል ሰው ግማሹን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ ኮርኒስ ነው የሚያየው። መስኮት ትይዩ ለትይዩ ይሁን፣ ከፍ ይበል።

ሮማዊው ቪትሩቪየስ ከ2000 ዓመት በፊት ስለ ግሪኮች የትግል ቤት ሲጽፍ ለዘይት መቀቢያው፣ ለአቧራው፣ ከረጢት ለሚመታበት፣ ለቀዝቃዛ መታጠቢያው ሁሉ ለየብቻ ክፍል ቆጥሯል። ያንቺ ሥዕል ግን የሴቶች ልብስ መቀየሪያ የለውም! አንቺ ራስሽ ስንት ዓመት ዕቃ ቤት ውስጥ ከመጥረጊያው ጋር ቆመሽ ልብስ ቀይረሻል? የመጀመሪያውን ነጭ ልብስሽን እጅጌ ሦስት ጊዜ ያጠፍኩልሽ እዚያ ነው። ረሳሽው? የወላጆቹን መቀመጫ ግማሽ ውሰጂና ክፍል አድርጊው። ወላጅ ቢቆም አይሞትም።

ቧንቧም ረስተሻል። ምንጣፉ በየቀኑ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ጭርት ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይዞራል። መጀመሪያ ጥረጊው፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና በቆሻሻው ኃይሉ ይደክማል። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በመቶ እጅ ውሃ በጥብጪ፤ የትናንቱን አትጠቀሚ። ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪው፤ ጢሱ መርዝ ነው። ሳይደርቅ ማንም አይርገጠው። ምንጣፉ ዳር ነጠላ ጫማ ይደርደር፤ በባዶ እግሩ ሽንት ቤት ደርሶ የሚመለሰውን ያለ ርኅራኄ አስወጪው፣ የአስተማሪ ልጅም ቢሆን። እኔ አንቺን አስወጥቼሻለሁ።

መስታወቱ፣ ጊዜው ሲደርስ፣ ማንም በማይጣልበት በኩል ይሁን፤ ከጀርባው ሲሰበር ብርጭቆውን የሚይዝ ፕላስቲክ ይለጠፍበት። ግን ይቆይ። ወለሉ ሳያልቅ አይገዛም።

ይህን የምጽፈው አንቺ ላይ እምነት አጥቼ አይደለም። ትንሽ ሳለሽ ምንጣፉ ክምር ላይ ተኝተሽ የአባትሽ ልምምድ እስኪያልቅ ታንኮራፊ ነበር፤ ያ ሕፃን አዳራሽ ልትከፍት ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬአለሁ። ለወለሉ የጎደለውን አባትሽና እኔ ተነጋግረናል፤ ወንድምሽ ይነግርሻል። አትከራከሪ። ለእንጨትና ለታታሚ ብቻ ነው፤ ደረሰኙን ላኪልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሥዕልሽ ላይ ከመካከሉ ትንሽ ወደ ግራ አንዲት ጥቁር ካሬ አለች፤ ምንም አልተጻፈባትም። በማጥፊያም የተፋቀች ትመስላለች። ምሰሶ ናት? ምሰሶ ከሆነች ሥዕሉ ላይ ስለጠፋች ከቤቱ አትጠፋም፤ እስከ 2 ሜትር ድረስ በወፍራም ስፖንጅ ትጠቅለል፣ ልኳንም ንገሪኝ። አባትሽ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አያት፤ ምንም ሳይለኝ ሄዶ ተኛ። ዛሬ ማታ ደውዪለት።

እናትሽ